የወሰንኩበትን ቅጽበት ማን ነገረኝ?

«ነፃ ፈቃድ እንደሌለ ሳይንስ አረጋገጠ» የሚለው ወሬ በየጥቂት ዓመቱ ልብስ ቀይሮ ይመጣል። ማስረጃው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ቤንጃሚን ሊቤትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ሙከራ። ሰዎች በፈለጉት ጊዜ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ፍላጎቱ የመጣባቸውን ቅጽበት በፍጥነት ከሚዞር ሰዓት ላይ አንብበው ተናገሩ። በአንጎላቸው የታየው የዝግጅት ሞገድ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ፍላጎቱ መጣ ያሉበት ጊዜ ግን የሚቀድመው በ200 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። «አንጎልህ ካንተ በፊት ወስኗል» የሚለው ዘገባ የተቀዳው ከዚህ ነው።

ሞገዱን የለካው መሣሪያ ነው። 200 ሚሊሰከንድን የሰጠን ግን የሰው ቃል ነው። ይህ ቃል ምን ያህል ይታመናል?

እ.ኤ.አ. በ2002 ፓትሪክ ሃጋርድና ባልደረቦቹ ሰዎች ቁልፍ ሲጫኑ ከ250 ሚሊሰከንድ በኋላ ድምፅ አሰሟቸው። ተሳታፊዎቹ መጫናቸውን 15 ሚሊሰከንድ ያህል አዘግይተው፣ ድምፁን 46 ሚሊሰከንድ ያህል አስቀድመው ገመቱ፤ ድርጊትና ውጤት ተሳሳቡ። ጣታቸው በማግኔት ተቀስቅሶ ያለፈቃዳቸው ሲወራጭ ግን ሁለቱ ተራራቁ።

ከዚህም የሚብሰው አለ። ዊሊያም ባንክስና ኢቭ አይሻም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ፣ ቁልፉ ከተጫነ ከ5 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ በዘገየ መጠን ሰዎቹ «ወሰንኩ» ያሉበት ጊዜም አብሮ ዘገየ። የእጃቸው ምስል በቪዲዮ ዘግይቶ ሲታያቸውም እንዲሁ ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ድምፁ የተሰማው ውሳኔው ካለፈ፣ ቁልፉም ከተጫነ በኋላ ነው። ያለፈን ውሳኔ ሊያዘገይ አይችልም፤ ሊለውጠው የሚችለው ስለ ውሳኔው የምንሰጠውን ግምት ብቻ ነው።

አንድ የሚያሳምን ማብራሪያ አለ። ጣት የነካው፣ ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው አንጎል ዘንድ እኩል አይደርሱም፤ ትክክለኛነታቸውም ይለያያል። አንጎል ምስክሮች እንደሚሰማ ሽማግሌ ነው፤ አንዱን አምኖ ሌላውን አያባርርም፤ ይበልጥ ለሚታመነው ይበልጥ ያደላል። በጊዜ ጉዳይ ደግሞ ጆሮ ከዓይን የላቀ ምስክር ነው። ለዚህም ነው በሁለት አጫጭር ድምፆች ታጅቦ አንዴ ብልጭ ያለ ብርሃን ሁለት ጊዜ የበራ መስሎ የሚታየን። ሽማግሌው ልማድንም ይሰማል። ከቁልፍ ቀጥሎ የሚመጣ ብርሃን 100 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲዘገይ ተደርጎ ሰዎች ከተለማመዱት በኋላ መዘግየቱ በድንገት ቢነሳ፣ ብርሃኑ ከመጫናቸው የቀደመ ይመስላቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። ሃጋርድ መሳሳቡን ከፈቃድ ጋር አያያዘው። ማርክ ቢዩነር ደግሞ ማሽን ቁልፉን ሲጫንም መሳሳቡ፣ ቀነስ ብሎም ቢሆን፣ እንደሚታይ አሳይቶ ምንጩ የምክንያትና ውጤት ግንዛቤ ነው አለ። በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች የሊቤትን ሰፊ ክፍተት ብቻቸውን እንደማይዘጉም መካድ አይገባም። በሌላ በኩል ሞገዱም ያለቀለት ውሳኔ ላይሆን ይችላል፤ አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንጎል ውስጥ ያለ የዘፈቀደ መዋዠቅ ሲደመር ተመሳሳይ ቅርጽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል።

ስለዚህ ነፃ ፈቃድ አለ ወይም የለም የሚል ብይን ከዚህ አይገኝም። የሚገኘው ጠበብ ያለ ነገር ነው፦ «የወሰንኩት ያኔ ነው» የሚለው ቃላችን በከፊል ከድርጊቱ በኋላ በደረሱ የስሜት ሕዋሳት መረጃዎች የተገነባ ግምት ነው። ግምትን ከመሣሪያ ልኬት ጎን አሰልፎ «ማን ቀደመ?» ማለት ውድድሩን ሳያዩ አሸናፊ ማወጅ ነው።