ስሙ አይ ሰቨን፣ ጉልበቱ ስንት?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሻጩን ቀድሞ የሚጠይቀው «አይ ፋይቭ ነው ወይስ አይ ሰቨን?» ብሎ ነው። መልሱ አይ ሰቨን ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ገዢውም የተሻለውን እንዳገኘ አምኖ ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ንሯልና በዚህ አንድ ጥያቄ ተመርቶ መሳሳት ከበፊቱ ይልቅ ኪስ ይጎዳል። የቤት ፕላን የሚሥል ወጣት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ስቱዲዮ፣ ደብዳቤ የሚተይብ ጽሕፈት ቤት፣ ሁሉም እንጀራቸው ከዚህች ማሽን ጋር የተያያዘ ነው። ስያሜው ስለ ማሽኑ ጉልበት የሚነግረን ጥቂት ነው። ቤንችማርክ የሚባለው የፈተና ውጤት ከስያሜው አብልጦ ይናገራል። ከሁለቱም በላይ የሚታመነው ግን ልንገዛው የያዝነው ማሽን ራሱ፣ ለምንፈልገው ሥራ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተፈትኖ የሚያሳየው ነው።

ለማስረጃ ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ በብዛት የሚገኙ ሁለት ፕሮሰሰሮችን እንውሰድ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኮር አይ ሰቨን 7500ዩ ያሉት 2 ኮሮች ናቸው፤ በዓመቱ የወጣው ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ ግን 4 አሉት። ሁለቱም የተሠሩት ለቀጫጭን ላፕቶፖች ነው፤ የተመደበላቸው ኃይልም እኩል 15 ዋት ነው። የአይ ሰቨኑ መነሻ ፍጥነት 2.7 ጊጋኸርዝ፣ የአይ ፋይቩ ደግሞ 1.6 ብቻ መሆኑን የሰማ ገዢ ያለጥርጥር አይ ሰቨኑን ይመርጣል። ይሁንና ሲኒቤንች የተባለው ፕሮግራም አንድን ሥዕል ኮሮቹን ሁሉ አሰማርተው እንዲሥሉ ሲያዛቸው አይ ፋይቩ በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ማቀዝቀዣው ጥሩ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም ያልፋል። በአንድ ኮር ብቻ ሲፈተኑ ተቀራራቢ ናቸው። አይ ሰቨን የሚለው ስያሜ አንድ ፕሮሰሰር በወጣበት ዘመን ከእኩዮቹ መካከል ያለውን ደረጃ ያመለክታል እንጂ ከዘመን ዘመን የሚሻገር መለኪያ አይደለም። ስለዚህ ከአይ ፋይቭና ከአይ ሰቨን ይልቅ ጄኔሬሽኑን የሚናገረው ቁጥር፣ ከቁጥሩ ኋላ የምትመጣዋም ፊደል የበለጠ ቁም ነገር ይዘዋል፤ ዩ ኃይል ቆጣቢውን፣ ኤች ብርቱውን ትጠቁማለች። በጥቅሉ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ8ኛው ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት መሆናቸውም ከላይ ያየነውን አይ ሰቨን ከደጅ ያስቀረዋል።

እስካሁን የፈተና ነጥብ ስያሜን ረትቷል። ነገር ግን ነጥቡም ራሱ መጠየቅ አለበት፤ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ የተገኘ ነው? የዛሬ ፕሮሰሰር ሥራ ሲመጣበት ለጥቂት ሰከንዶች ከተመደበለት ኃይል በላይ ወስዶ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ሲያይልና የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ ወደ አቅሙ ይመለሳል። ነገሩ ከሩጫ ጋር ይመሳሰላል፤ በሱሉልታ የመሮጫ ትራክ ያሠራው ሯጭ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሲጨርስ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የወሰደበት 2 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ገደማ ነበር። በ2019 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲያሸንፍ ግን ለኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ያህል ፈጅቶበታል። ሁለቱም ሰዓቶች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ጊክቤንች በተባለው ፈተና ውስጥ በአንዱ ሥራና በሚቀጥለው መካከል አጭር ዕረፍት አለ፤ ስለዚህ የሚለካው የአጭር ርቀቱን ሩጫ ነው። ፋይል ለመክፈት፣ በፓወር ግዕዝ ለመተየብ፣ ፒችትሪ ላይ ሒሳብ ለመመዝገብ ይህ ይበቃል። የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሮ ማውጣት ግን ማራቶን ነው፤ ለእሱ የሚያገለግለው 10 ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚሠራው የሲኒቤንች አር 23 ፈተና ነው። በዚያ ፈተና በመጀመሪያው ዙርና በመጨረሻው ዙር መካከል ያለው ልዩነት ከነጥቡ ከፍታ ይልቅ ስለ ማሽኑ ጤና ይናገራል።

እዚህ ላይ የነዚህ ከተሞች አቀማመጥ የሚያስነሳው ጉዳይ አለ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። የላፕቶፑ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የሰርቨር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ለሱሉልታ ሲሰላ 6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። «የሱሉልታ ብርድ ግን ያካክሰዋል» የሚል ካለ እውነቱን ነው። የፈተና ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ የሱሉልታ ቤት ጠዋት ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ ይዞ «እዚህ ማሽን ሁሉ ይደክማል» ማለት ስሕተት ነው። እኔ ከከፍታው ይልቅ የምፈራው አቧራውን ነው። ግንባታው ባላባራበት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ገና አስፋልት ባልለበሰበት ሰፈር ዓመታት የሠራ ላፕቶፕ የአየር መውጫው ይደፈናል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ቅባትም በዕድሜው ይደርቃል። ሌላ አገር በአዲስ ማሽን ላይ የተገኘ ነጥብ ይህን ሁሉ አያውቅም።

በግራፊክስ ካርድ በኩል ስያሜው ከዚህም ይበልጥ ያሳስታል። ኤንቪዲያ ጂፎርስ ኤምኤክስ 150 የሚል ካርድ ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንደኛው 25 ዋት፣ ሌላው 10 ዋት የሚወስድ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መነሻ ፍጥነቱ 1469 ሜጋኸርዝ፣ የሁለተኛው 937 ነው፤ በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ስም ግን አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው፦ የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3060 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ60 እስከ 115 ዋት ይወስዳል። ለዴስክቶፕ በሚሸጡት ላይ ደግሞ ግልጽ ማጭበርበር አለ። እንደ ጂቲኤስ 450 ያሉ ያረጁ ካርዶች የውስጥ ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነን እንዲሉ ተደርገው በየአገሩ ተሸጠዋል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ለይቶ ሐሰተኛ መሆናቸውን በስማቸው አጠገብ ያሳያል፤ ማንኛውም ገዢ በፍላሽ ይዞት ሊሄድ ይገባል።

የፈተና ነጥብ ራሱ ሊጭበረበር አይችልም ወይ? ተጭበርብሮ ያውቃል። በግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. የ3ዲማርክ አዘጋጅ ፊውቸርማርክ የኤንቪዲያ ድራይቨር ሶፍትዌር ፈተናውን ሲያውቅ ለፈተናው ብቻ አቋራጭ እንደሚጠቀም ገለጸ። አቋራጮቹ ሲዘጉ የጂፎርስ ኤፍኤክስ 5900 አልትራ ነጥብ ከ5806 ወደ 4679 ወረደ። ይህን ታሪክ ይዘው «እንግዲያው ቤንችማርክ ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ማታለሉ የተያዘው ፈተናው የተወሰነ፣ የሚደገምና ማንም ሊመረምረው የሚችል ስለነበረ ነው። የሻጭ ቃል እንዲህ ሊመረመር አይችልም።

ነጥብ ትርጉም የሚኖረው ከሥራው ጋር ሲያያዝ ነው። አውቶካድ ላይ የወለል ፕላን የሚሥል ሰው በአብዛኛው የሚጠቀመው የአንድ ኮር ፍጥነትን ነው፤ ያንኑ ሕንፃ በሉሚየን ለደንበኛ የሚያሳይ ከሆነ ግን ሸክሙ ወደ ግራፊክስ ካርዱና ወደ ካርዱ ሜሞሪ ይዞራል። የስልክ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ደግሞ በአጠቃላይ ነጥብ ውስጥ የማይታይ ነገር ይጎዳዋል። ብዙ የዛሬ ስልኮች ቪዲዮ የሚቀርጹት ኤችኢቪሲ በሚባለው መንገድ ነው፤ የ4ኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን 4 ኮር ኖሮት ጥሩ ነጥብ ቢያመጣ እንኳ ይህን የሚፈታ ክፍል ውስጡ ስለሌለው 4ኬ ቪዲዮ ሲከፈትበት ይንገታገታል። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ውድ የግራፊክስ ካርድ ምንም አይጨምርለትም፤ የሚያስፈልገው ቁልፍ ሲነካ ሳይዘገይ የሚመልስ ፕሮሰሰርና በቂ ራም ነው። አንድ የነጥብ ዝርዝር ለነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ ምርጥ ማሽን ሊመርጥላቸው አይችልም።

«በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያስመዘገቡት አማካይ ነጥብ እያለ እኔ ልፈትን ማለቴ ምን ይጨምራል?» የሚለው ከሁሉም የጠነከረ ተቃውሞ ነው። አማካዩ ስለ ፕሮሰሰሩ ዓይነት እውነት ይናገራል፤ የትኞቹን ማሽኖች ለማየት መሄድ እንዳለብን ለመምረጥም ከእሱ የተሻለ የለም። ገንዘብ የሚከፈለው ግን ለአንድ ማሽን ነው። ያ ማሽን 8 ጊጋ ራሙ በአንድ ስቲክ ብቻ የተገጠመ ከሆነ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ በግልጽ ይዳከማል። ቻርጀሩ የራሱ ካልሆነም አንዳንድ ላፕቶፖች የማያውቁት ቻርጀር ሲሰካባቸው ፕሮሰሰሩን ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ብቻ ሲሠሩም ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ፈተናው መደረግ ያለበት አብሮ በሚሸጠው ቻርጀር ነው፤ አንዴ ተሰክቶ፣ አንዴም ተነቅሎ።

ሻጭ ግማሽ ሰዓት አይታገሥም የሚባለው ስጋት የምር ነው፤ በተለይ ለአንድ ላፕቶፕ ብሎ ከቡራዩ መርካቶ ድረስ ለሄደ ሰው። መፍትሔው ግን ሻጩም የሚጠቀምበት ነው። በእነዚህ ከተሞች ያሉ የኮምፒውተር ቤቶች ላፕቶፑን ራሳቸው አስቀድመው ፈትነው በአንዲት ወረቀት ላይ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የ10 ደቂቃውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ነጥብ፣ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት፣ የግራፊክስ ካርዱን ዋት፣ የራሙን አገጣጠምና ፈተናው የተደረገበትን ቀን ጽፈው ቢለጥፉ ገዢው ቆሞ መጠበቅ አይኖርበትም። ፕሮግራሞቹ በነጻ ይገኛሉ። አቧራው የተጠረገለትና ቅባቱ የታደሰለት ላፕቶፕ ካልተጸዳው የተሻለ ነጥብ ስለሚያመጣ፣ ባለሱቁ ለዚያ ሥራ የጨመረውን ዋጋ ከወረቀቱ ላይ ለገዢው ማሳየት ይችላል።