የአንድነት ወሬ በማን ቋንቋ?

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪቃ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር ሲፈርሙ፣ ወሬው ሀገረ ሕይወት፣ ማለት ዛሬ አምቦ ወደምንላት ከተማ ለመድረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መጓዝ ነበረበት። መንገዱ አጭር ነው። ለመሆኑ በምን ተጓዘ?

መንግሥት ነገሩን ለሕዝብ ያስታወቀው በራዲዮ፣ በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣና ለጉባኤው ባሳተመው ቴምብር ነው። የቴምብሩን ነገር እንተወው፤ ደብዳቤ የማይጽፍ ሰው ቴምብር አይገዛም። ራዲዮም በየቤቱ አልነበረም። ጋዜጣው ደግሞ አማርኛ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ስለ ነበር፣ በኦሮምኛ ለሚገበያይ አገር ማስረጃው ይመጣ የነበረው በአማርኛ ነው፤ ያውም ፊደል ለቈጠረ።

የሚያስደንቀው ቻርተሩ ራሱ ነው። 29ኛው አንቀጽ የድርጅቱ የሥራ ቋንቋዎች፣ ቢቻል የአፍሪቃ ቋንቋዎች፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንዲሆኑ ይደነግጋል። «ቢቻል» የምትለው ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ግዴታውን ሁሉ ታነሣለች። በ1994 ዓ.ም. ድርጅቱ ቦታውን ለአፍሪቃ ኅብረት ሲለቅ፣ እርሷም አብራ ወደ አዲሱ ሰነድ ተሻገረች። ስዋሂሊ በኅብረቱ የሥራ ቋንቋነት የጸደቀው በ2014 ዓ.ም. ነው።

እኛስ ብንሆን? ለዕረፍት ወደ አምቦ የሚወርድ ተማሪ አንድ ሽማግሌ «ቻርተር ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ በኦሮምኛ አስረድቶ የሚጨርስ ከመካከላችን ስንት ነው?