ሙዚቃን ከኮምፒዩተር ወደ ቤት ስቴሪዮ ስለ ማስተላለፍ

በብዙ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ስቴሪዮ በክብር ተቀምጦ ይገኛል። አምፕሊፋየሩ ደኅና ነው፤ የሁለቱ ስፒከሮች ድምፅም አልደከመም። ነገር ግን ቀድሞ በሸክላና በካሴት ይሰማ የነበረው ዘፈን ዛሬ የሚገኘው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የኮምፒዩተሩ የራሱ ስፒከር ደግሞ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የከበሮንና የባስ ጊታርን ድምፅ አጥግቦ አያሰማም። ስለዚህ ደንበኛው ወደ ሱቅ ገብቶ፣ «በኮምፒዩተሬ ያለውን ሙዚቃ በስቴሪዮዬ ለመስማት ምን ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በትክክል የሚመልስ ባለሱቅ ዕቃውን ይሸጣል፤ ደንበኛም ያፈራል። በግምት የሚመልስ ግን ዕቃው በማግሥቱ ይመለስበታል፤ ገንዘቡንና ስሙንም በአንድነት ያጣል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የሙዚቃውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ዘፈን ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። በ1982 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረበው ሲዲ የድምፁን መጠን በያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግባል። ይህ ቁጥር ወደሚሰማ ድምፅ እንዲመለስ በመጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው መለወጫ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ ሞገዱን የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻም አየሩን የሚያንቀሳቅስ ስፒከር ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በደንበኛው ቤት አሉ። እንግዲህ ነጋዴው የሚሸጠው ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚለውጠውንና ሞገዱን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያደርሰውን ዕቃ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውና ርካሹ መንገድ ገመድ ነው። በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለ። መለወጫው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ስለ ተሠራ፣ በአንድ ጫፉ ትንሽ ጃክ፣ በሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ ሁለት ጃኮች ያሉት ገመድ ይበቃል። ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ ነው። ገመዱ የሚሰካው በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ»፣ «ሲዲ» ወይም «ቴፕ» ተብሎ በተጻፈበት መግቢያ ነው። «ፎኖ» በተባለው መግቢያ ግን ከቶ መሰካት አይገባም። ይህ መግቢያ ከሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚመጣውን እጅግ ደካማ ሞገድ ለማጉላት የተሠራ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ሞገድ ሲገባበት ድምፁ ይሻክራል፤ ይዛባል። «ዕቃው ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመለሰው ገመድ አንዳንዱ በዚህ መግቢያ የተሰካ ደኅና ገመድ መሆኑን ባለሱቁ ልብ ይበል።

ሌላው የተለመደ ችግር የጉምጉምታ ድምፅ ነው። ኮምፒዩተሩና ስቴሪዮው በየፊናቸው ከመብራት ጋር ተገናኝተው በገመድ ሲያያዙ፣ በመሬት መስመሩ በኩል የማይፈለግ ኤሌክትሪክ ይዘዋወርና ስፒከሩ ያለማቋረጥ ያጉመጠምጣል። ለመፈተን የኮምፒዩተሩን ቻርጀር መንቀል ይበቃል፤ ጉምጉምታው ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለቱንም ዕቃዎች በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ካልረዳም በመካከል የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር አለ። የኮምፒዩተሩ የራሱ መለወጫ ድምፁ የሚንሾካሾክ ከሆነ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ መለወጫ መሸጥ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ብሉቱዝ ነው። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዓመት ከነገሠው የዴንማርክ ንጉሥ ከሐራልድ ቅጽል ስም ነው። ከስቴሪዮው ጋር በቀይና ነጭ ገመድ የሚያያዝ አነስተኛ ተቀባይ ተገዝቶ፣ ኮምፒዩተሩ ሙዚቃውን በራዲዮ ሞገድ ይልክለታል። መደበኛው ርቀት 10 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግድግዳ በመካከል ሲገባ ያንሳል። ሙዚቃው በጉዞ ላይ ስለሚጨመቅ ከጥራቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ድምፁም ጥቂት ስለሚዘገይ ፊልም ለሚያይ ሰው የተናጋሪው ከንፈርና ቃሉ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። ለተራ አድማጭ ግን ቀላልና የሚበቃ መንገድ ነው። በካርቶኑ ላይ የላቀ ጥራት አለው ተብሎ የተጻፈ ተቀባይ ያንን ጥራት የሚሰጠው ላኪው ኮምፒዩተር ያንኑ ዓይነት አጨማመቅ ሲያውቅ ብቻ መሆኑን ለገዢው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የቤቱ ዋይ ፋይ ነው። ኮምፒዩተሩ በአንድ ክፍል፣ ስቴሪዮው በሌላ ክፍል ቢሆኑም ዋይ ፋዩ በሚደርስበት ሁሉ ይሠራል፤ ሙዚቃውም የጥራቱ መጠን ሳይቀነስ ሊተላለፍ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ዘፈኑ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ከኮምፒዩተር ወደ ስቴሪዮ ለመሄድ የቤቱ ዋይ ፋይ ማሠራጫ መብራቱ መኖሩ በመሠረቱ ይበቃል፤ የኢንተርኔት ክፍያ የሚፈልገው ዘፈኑ ከውጭ ሲመጣ ነው። ሆኖም አንዳንድ መሣሪያዎች ሲተከሉም ሆነ ሲሠሩ ኢንተርኔትን ስለሚጠይቁ፣ አስመጪው ይህን ሳያጣራ ማዘዝ አይገባውም።

ለአስመጪዎች ትልቁ ጥንቃቄ በዚህ በሦስተኛው ክፍል ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2004 ሙዚቃን በዋይ ፋይ ወደ ስቴሪዮ የሚያደርስ ኤርፖርት ኤክስፕረስ የተባለ ትንሽ ዕቃ ለገበያ አቀረበ፤ በ2018 ግን ይህን የንግድ ዘርፍ ተወ። ጉግልም በ2015 ክሮምካስት ኦዲዮ የተባለውን በ35 የአሜሪካ ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በ2019 መጀመሪያ ላይ ምርቱ መቆሙ ታወቀ። ከዚያም በ2025 ማርች ወር በመሣሪያው ውስጥ ያለ የማረጋገጫ ሰነድ ጊዜው ስላለፈበት፣ በየሰዉ ቤት የነበሩት መሣሪያዎች ባለቤቶቻቸው ምንም ሳይነኳቸው ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው ማስተካከያ እስኪልክ ድረስም ቆዩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ገመድ በመጋዘን ዓመታት ቢቆይ ገመድነቱን አያጣም፤ በሠሪው ፈቃድ የሚሠራ መሣሪያ ግን በመደርደሪያ ላይ ሳለ ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ ገመድን በብዛት፣ ዋይ ፋይ ተቀባይን ግን በጥቂቱና ቶሎ ቶሎ ማዘዝ ይሻላል። ሲያዝዙም በአንድ ኩባንያ ስልት ብቻ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ስልቶችን የሚቀበለውን መምረጥ ይበጃል።

ያገለገለ ስቴሪዮ ከውጭ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም የመብራቱን ኃይል ይመልከቱ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የጃፓን 100፣ የአሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት ነው። ለእነዚህ አገሮች ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ካርጎ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ባለሱቁ ደንበኛውን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ስቴሪዮህ ከጀርባው ምን ምን መግቢያ አለው? ኮምፒዩተርህ ከስቴሪዮህ ምን ያህል ይርቃል? ዘፈኑ በኮምፒዩተርህ ውስጥ ነው ወይስ ከኢንተርኔት የሚመጣ? መልሱ «መግቢያ አለው፤ ቅርብ ነው» ከሆነ ገመድ ይሽጥለት፤ ከአንድ ክፍል የማይወጣ ከሆነና ገመድ ካልፈለገ ብሉቱዝ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ከሆነ ዋይ ፋይ። ርካሹ ዕቃ የሚበቃውን ሰው ውድ ዕቃ ማስገዛት ለአንድ ቀን ትርፍ ነው፤ የሚበቃውን ነግሮ መሸጥ ግን ደንበኛውን ከነቤተሰቡ ይመልሰዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ ዕቃውን ከመደርደር በፊት አሠራሩን ማወቅ ይቅደም።