የኮምፒውተሩ ደብተርና የውጫሌው አንቀጽ 17

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ምን እንዳመጣ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአማርኛው አንቀጽ 17 ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። አንድ ውል፣ ሁለት ቃል።

ኖትቡክ የሚባለው የኮምፒውተር ደብተር የመጣው እንዲህ ያለውን መለያየት ለማስቀረት ነው። ቀድሞ ፕሮግራሙ በአንድ ፋይል፣ ውጤቱ በሌላ፣ ማብራሪያው በሦስተኛ ወረቀት ይቀመጥ ነበር፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም ይቀራል። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ሰው እንዲያነበው ከማብራሪያው ጋር ተዋሕዶ ይጻፍ አሉ። በ1988 የወጣው ማቴማቲካ ጽሑፉን፣ ስሌቱንና ሥዕሉን በአንድ ገጽ አገናኘ። ዋጋው ግን ለብዙ ተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። ኮሎምቢያዊው ፈርናንዶ ፔሬዝ በ2001 የጀመረው አይፓይተን በ2011 በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት ደብተር ሆነ፤ በ2014 ጁፒተር ተባለ፤ የሚታደለውም በነፃ ነው።

ታዲያ መለያየቱ ቀረ? አልቀረም፤ ወደ ገጹ ውስጥ ገባ እንጂ። በባሕረ ሐሳብ እንየው። በመጀመሪያው ሳጥን 2017 ብለን እንጻፍ። ሁለተኛው ሳጥን 5500 ደምሮ ለ4 ያካፍላል፤ ቀሪው 1 ስለሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው ይላል። አሁን የላይኛውን ወደ 2018 ለውጠን እሱን ብቻ እናስኪድ። ከላይ 2018፣ ከታች ግን አሁንም ማቴዎስ! ትክክለኛው ቀሪ 2፣ ዘመኑም ማርቆስ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ትንፍሽ አይልም፤ ሳጥኖቹን በፈለግነው ቅደም ተከተል እንድናስኬድ ፈቅዶልናልና።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2019 የወጣ ጥናት ጊትሃብ ላይ የተለጠፉ ደብተሮችን እንደገና ለማስኬድ ሞክሮ ነበር። ያለ ስህተት እስከ መጨረሻው የሄዱት 24 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ቀድሞ የታየውን ውጤት መልሰው የሰጡት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ተመሥርቶ ብድር ሊፈቀድ፣ የእርዳታ እህል ሊመደብ እንደሚችል ማሰብ ነው።

በ2020 የወጣው ፕሉቶ የላይኛው ሲነካ በሱ ላይ የተመሠረተውን ሁሉ ራሱ መልሶ ያሰላል። ጁፒተር ላይ የሚሠራ ባለሙያ ግን ሪፖርቱን ለአለቃው ከመላኩ በፊት ደብተሩን እንደ አዲስ አስነስቶ ከላይ እስከ ታች ቢያስኬደው ይሻለዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም።