በስፔን በዓላት ውስጥ የቀረው አንደሉስ



ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ በየዶርማችን አንድ ቪዲዮ ሲዘዋወር ነበር። ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጢማቸውን ያሳደጉ፣ ሰይፍ የታጠቁ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ የአውሮፓ ከተማ ጎዳና ላይ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ከኋላቸው ከበሮና መለከት ይከተላል፤ ሕዝቡ ከሰገነት ላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ከሥሩ «እስልምና ወደ አንደሉስ ተመለሰ፣ አላሁ አክበር» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኛም ከሱብሒ ሶላት በኋላ አይተነው ልባችን ሞቀና ለሌላው ላክነው። ቆይቶ አንድ ወንድማችን «እስቲ በእጃቸው የያዙትን ልብ በሉ» አለን። ሲጋር ነበር።

ሰዎቹ ሙስሊሞች አይደሉም። የአልኮይ ከተማ ካቶሊኮች ናቸው፤ የሚያከብሩትም የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል ነው። ያልተጣራ ነገር ማሠራጨታችን አሳፍሮናል። ስለዚህ ቪዲዮውን ለላክንለት ሁሉ «ይቅርታ፣ ስህተት ነው» ብሎ ከማለፍ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አጣርተን ብንጽፍ ይሻላል አልን። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፔን በበዓል የታወቀች አገር ናት። በፓምፕሎና በሐምሌ ወር ሰው ከኮርማ ፊት ይሮጣል። በቡኞል በነሐሴ የመጨረሻ ረቡዕ ሕዝቡ ቲማቲም ይወራወራል (የቲማቲምን ዋጋ ለምናውቅ ለእኛ ይህኛው ከኮርማው ይልቅ ያስደነግጣል)። በቫሌንሲያ በመጋቢት ወር ወራት የፈጀ ግዙፍ ቅርጽ ይሠሩና በአንድ ሌሊት ያቃጥሉታል። እነዚህን ቴሌቪዥን ሁሉ ያሳያቸዋል። እኛን የሚመለከተን ግን «ሞሮስ ይ ክሪስቲያኖስ»፣ ማለትም «ሙሮችና ክርስቲያኖች» የሚባለው በዓል ነው። «ሞሮ» ስፔናውያን ለአንደሉስና ለሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች የሰጡት ስም ነው። በዓሉ በተለይ በምሥራቅ ስፔን በብዙ ከተሞች ይከበራል፤ ከሁሉ የታወቀው ግን የአልኮይ ነው።

አልኮይ ከአሊካንቴ በስተሰሜን በተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። በዓሉ በአፕሪል 23፣ በጊዮርጊስ ቀን ዙሪያ ሦስት ቀን ይፈጃል። ተሳታፊው በ28 ማኅበር ተከፍሏል፤ 14ቱ የክርስቲያን፣ 14ቱ የሙር ወገን ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ሠራዊት በሰልፍ ከተማ ይገባል። እኛ ያየነው ቪዲዮ የዚህ ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ቀን የሃይማኖት ሥርዓት ነው። በሦስተኛው ቀን አደባባዩ ላይ ከእንጨት የተሠራ ግንብ ይቆማል፤ ከተማው በባሩድ ጢስ ይታፈናል። ጠዋት ሙሮች ግንቡን ይይዛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ክርስቲያኖች ያስመልሱታል። መጨረሻ ላይ እንደ ጊዮርጊስ የለበሰ ሕፃን ከግንቡ አናት ላይ ብቅ ብሎ ቀስት ይወረውራል። ውጤቱ በየዓመቱ ያው ነው።

ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ የሙሩ ወገን በዚህ በዓል የተናቀ ወገን አይደለም። ልብሱ እጅግ ያማረና ውድ ነው፤ ለእርሱ ተብሎ የተደረሰ «ማርቻ ሞራ» የሚባል ዝግ ያለ ሰልፍ ሙዚቃ አለው። አባት ልጁን በራሱ ማኅበር ያስመዘግባል። ስለዚህ የአልኮይን ሰው «ሙስሊም የሚጠላ» ብሎ መደምደም «ሙስሊም ሆነ» ብሎ እንደመደምደም ያለ ችኮላ ነው።

ጥያቄው ያለው ተረኩ ላይ ነው። በዓሉ የሚያስታውሰው በ1276 ከተማዋን የወጋውን አል-አዝረቅ የሚባል የሙስሊም መሪ ነው። በአፈ ታሪኩ ጊዮርጊስ በፈረስ ታይቶ ከተማዋን አዳነ፤ አል-አዝረቅም ተገደለ። በጨዋታው አል-አዝረቅ ከውጭ የመጣ ወራሪ ይመስላል። በታሪክ ግን የዚያው ተራራማ አገር ጌታ ነበር። በ1245 ከአራጎን ነገሥታት ወገን ጋር የተፈራረመው ውል በዐረብኛና በካስቲልኛ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። በኋላ ዐምጿል፣ ተሰድዷል፣ ተመልሶም ሞቷል። ወራሪ የተባለው ሰው የተዋጋው ተወልዶ ባደገበት አገር ነው። በበዓሉ ይህ አይነገርም።

ከዚህ የከረረም ነበር። በአንዳንድ ከተሞች ስሙ ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የተወሰደ «ላ ማኦማ» የሚባል ትልቅ ሰው መሰል ምስል በበዓሉ ይወጣል። ቦካይሬንት በምትባል ከተማ በበዓሉ መጨረሻ የምስሉ ራስ በባሩድ ይፈነዳ ነበር። ከዴንማርኩ የካርቱን ውዝግብ በኋላ፣ በ2006፣ ከተማዋ ማፈንዳቱን ተወችው። አንዳንዱ «ባህላችን በፍርሃት ተነካ» ብሎ ተከራከረ፤ ሌላው «የጎረቤትን ልብ የሚያቆስል ነገር ቢቀር በዓሉ አይጎድልም» አለ። እኛ ሁለተኛውን ሐሳብ እንደግፋለን፤ የምንደግፈው ግን የተተወው በከተማዋ ሰዎች በራሳቸው ውሳኔ መሆኑን እያስታወስን ነው። ዛሬ በእነዚያ ከተሞች ከሞሮኮና ከአልጄሪያ የመጡ ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ከከተማው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ።

ሌላው አከራካሪ ቀን ጃንዋሪ 2 ነው። በ1492 በዚህ ቀን ግራናዳ፣ የመጨረሻዋ የሙስሊም መንግሥት ከተማ፣ ለፈርዲናንድና ለኢሳቤላ ተሰጠች። በየዓመቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ላይ ሰንደቅ ይውለበለባል። ከታች አንዱ ወገን ያጨበጭባል፤ ሌላው «ይህ የሚከበር ቀን አይደለም» ብሎ ይቃወማል። የሚቃወሙት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሳይሆኑ የግራናዳ ተወላጆች ናቸው።

ለምን እንደሚቃወሙ ለመረዳት ከርክክቡ በፊት፣ በኖቬምበር 1491፣ የተፈረመውን ውል ማወቅ ያስፈልጋል። ውሉ ለሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸው፣ መስጂዳቸውና ቃዲያቸው እንደማይነካ ቃል ገባ። ቃሉ አሥር ዓመት ያህል እንኳ አልቆየም። በ1502 በመላው ካስቲል ሙስሊም የሆነ ሁሉ ወይ እንዲጠመቅ ወይ እንዲወጣ ታዘዘ። በ1567 ዐረብኛ መናገር፣ የአገሩ ልብስና የመታጠቢያ ቤት ታገደ፤ ሕዝቡ ዐመፀ፤ ዐመፁም በጦር ተሰበረ። ከ1609 እስከ 1614 ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሰው፣ የተጠመቀም ይሁን ምን፣ ከአገሩ ተባረረ። አብዛኛው ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄደ።

በመካከል ያለው መቶ ዓመት ሲታሰብ ይከብዳል። የኢንኩዊዚሽን መርማሪዎች ሰውን የሚለዩት በወጥ ቤቱ ነበር። የአሳማ ሥጋ አልበላም ያለ፣ የወይን ጠጅ ያልጠጣ፣ ዓርብ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ በረመዷን ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ስፔናውያን በክረምት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አሳማ የሚያርድበት «ማታንሳ» የሚባል ልማድ አላቸው። ልማዱ ከምርመራው ጋር አልተወለደም፤ ለክረምት ስንቅ ማዘጋጃ ነው። ግን በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለው ማዕድ አለመገኘት ለጎረቤት ምስክርነት በቂ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ዐረብኛው ሲጠፋባቸው ስፔንኛን በዐረብኛ ፊደል ጻፉ። ዱዓውን፣ የነብያትን ታሪክ፣ ፊቅሁን ሁሉ። ጽሑፉ «አልሃሚያ» ይባላል፤ ቃሉ «ዐጀሚያ» ከሚለው የመጣ ነው። የወሎ መሻይኾች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ ያቆዩበት «ዐጀም» ያው ቃል ነው። በ1884 በአራጎን፣ አልሞናሲድ ዴ ላ ሲየራ በምትባል መንደር፣ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከወለሉ ሥር የተደበቁ ብዙ የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ተገኙ። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ማንም ሳይነካቸው እዚያው ኖረዋል። ቂርአት ቤት ለሐውን ተሸክመን ላደግን ሰዎች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

አሁን የምንነግራችሁን ለመጻፍ ነው የበለጠ የጓጓነው፤ ምክንያቱም የኢንጂነሪንግ ልጆች ነን።

በቫሌንሲያ ከተማ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ልክ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በካቴድራሉ «የሐዋርያት በር» ፊት ለፊት ጥቁር ካባ የለበሱ ስምንት ገበሬዎች በክብ ይቀመጣሉ። የውኃ ዳኞች ናቸው። ከቱሪያ ወንዝ የሚወጡት ስምንት ዋና ዋና ቦዮች እያንዳንዳቸው አንድ ዳኛ ይመርጣሉ፤ ዳኛውም ራሱ መሬት የሚያርስና ውኃ የሚጠጣ ሰው መሆን አለበት። ያለ ተራው ውኃ የጠለፈ፣ ቦዩን ያላጸዳ፣ የጎረቤቱን ማሳ ያጥለቀለቀ ይከሰሳል። ጠበቃ የለም፤ ክርክሩ በቃል ነው፤ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፣ ይግባኝም የለውም። ተከሳሹ የሚጠቀምበት ቦይ ዳኛ በፍርዱ ላይ አይሳተፍም። የወሎና የሸዋ የመስኖ አገር ልጅ የሆነ አንባቢ «የውኃ አባት»ን ሳያስታውስ አይቀርም።

የክፍፍሉ ሥርዓት ያስደንቃል። ለአንድ ቦይ የሚሰጠው «በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር» ተብሎ አይደለም። የወንዙ ውኃ በድርሻ ይከፈላል፤ ወንዙ ሲሞላ ሁሉም ይሞላለታል፣ ሲጎድል ሁሉም በያዘው ድርሻ ልክ ይጎድልበታል። ለዚህ ሜትር የሚለካ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውኃው የሚከፈልበት ቦታ ላይ የመተላለፊያዎቹ ስፋት መጠን መጠበቁ ይበቃል። በሃይድሮሊክስ ክፍል በቀመር የተማርነውን እነዚህ ሰዎች በድንጋይ ሠርተውታል።

ቫሌንሲያዎች ይህ ችሎት በ960፣ በኮርዶባ ኸሊፋዎች ዘመን እንደተጀመረ ይናገራሉ፤ በ1960ም ሺህኛ ዓመቱን አክብረዋል። የታሪክ ሰዎች በዓመቱ ላይ ይከራከራሉ። የማያከራክረው ይህ ነው፤ ንጉሥ ሃይሜ ቀዳማዊ በ1238 ከተማዋን ከሙስሊሞች ከወሰደ በኋላ ቦዮቹን ለነዋሪው ሲሰጥ፣ ውኃው በሙስሊሞች ዘመን እንደነበረው ልማድ እንዲከፋፈል ደነገገ። መስጂዱን ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ የውኃውን ሥርዓት ግን አልነካውም። ለምን ከደጅ እንደሚቀመጡ ሲጠየቁ፣ መስጂዱ ካቴድራል ከሆነ በኋላ ሙስሊሞቹ ገበሬዎች መግባት ስላልቻሉ በሩ ላይ ቀሩ ይባላል። ሐሙስ የሆነውም ማግሥቱ ጁሙዓ ስለሆነ ነው ይላሉ። ዩኔስኮ ችሎቱን በ2009 ከሙርሲያው ተመሳሳይ ሸንጎ ጋር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የገበሬው ቋንቋም ይመሰክራል። ቦዩ «አሴኪያ» ነው፣ ከአስ-ሳቂያ። ውኃ የሚጠልፈው ግድብ «አሱድ»፣ ከአስ-ሱድ። ኩሬው «አልቤርካ»፣ ከአል-ቢርካ። ውኃ የሚቀዳው መንኮራኩር «ኖሪያ»፣ ከናዑራ። ዝናብ እንዲዘንብ ሲመኝም «ኦኻላ» ይላል፤ ትርጉሙ «አላህ ቢሻ» ነው። አብዛኛው ተናጋሪ ይህን አያውቅም።

ስለዚህ ያን ቪዲዮ ደግሞ የላከላችሁ ካለ፣ በምትኩ የቫሌንሲያውን ችሎት ፈልጋችሁ ላኩለት። ለማየት የሚማርክ አይደለም። ብዙ ሐሙስ ከሳሽም ተከሳሽም አይመጣም። ሰዓቱ ሲደወል አንዱ ሹም ተነሥቶ የስምንቱን ቦዮች ስም አንድ በአንድ እየጠራ የተከሰሰ እንዳለ ይጠይቃል። ከስሞቹ አንዱ ፋቫራ ነው፤ «ፈዋራ» ብሎ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የሚፈታው፣ የሚፈልቅ ምንጭ። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ዳኞቹ ካባቸውን ሰብስበው ይነሣሉ።