የጨጓራ ምርመራ ገበያ፦ ውዱ ዕቃ ወይስ ነፃው ዝግጅት?

ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ሌሊት ተነሥቶ ማሳ ይዞራል፤ ረፋዱን ከደላላና ከሾፌር ጋር ሲከራከር ያሳልፋል፤ ምሳውን ሲመቸው ከሰዓት በኋላ፣ ሳይመቸው ማታ ይበላል። ጨጓራው ሲነሣበት ሲቀላ ካለ መድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ገዝቶ ጥቂት ቀን ይውጥና ሲሻለው ይተወዋል። በወሩ ሕመሙ ሲመለስ ክሊኒክ ገብቶ ደም ይሰጣል። “ባክቴሪያ አለብዎት” ይባላል። የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሶ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ደም ሲሰጥ ያው ውጤት ይወጣል። በዚህ ጊዜ ውጭ አገር ያለች የእህቱ ልጅ ትደውላለች። “ጋሼ፣ እዚህ እኮ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በትንፋሽ ብቻ የሚመረመሩበት ዕቃ አለ። ልላክልዎት?”

ነጋዴው ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። የተጓዘበትን መንገድ ግን በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ብዙ የጨጓራ ሕመምተኛ ያውቀዋል። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ነው። ዕቃው ቢመጣ ከወጪው ጋር የሚመጣጠን ጥቅም አለው ወይ?

ባለ ዕዳው ባክቴሪያ

ጨጓራን ቀድሞ ሁሉም የሚከሰው በበርበሬ፣ በጭንቀትና በባዶ ሆድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ከሕመምተኞች ጨጓራ የተወሰደ ባክቴሪያ ለይተው አሳደጉ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ዛሬ በየክሊኒኩ “ኤች ፓይሎሪ” እየተባለ የሚጠራው ነው። የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት ዋነኛ መንስኤ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል።

ባክቴሪያው በአብዛኛው በልጅነት፣ ከቤተሰብ አባል ወደ ቤተሰብ አባል ይተላለፋል። በ2019 በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ግምገማ ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ ጥቂት በላይ የሚሆኑት ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው አመልክቷል። ደንበኛው ብዙ፣ ገበያው ሰፊ ነው ማለት ነው። ባክቴሪያው ካለበት ሰው አብዛኛው ቁስለትም ካንሰርም አይደርስበትም። ሕመም የሚሰማው ሰው ግን በትክክል መመርመርና በትክክል መታከም ይኖርበታል።

ሦስቱ ምርመራዎች

ለገበያ የሚቀርቡት፣ መሣሪያ ወደ ጨጓራ ሳይገባ የሚደረጉ ምርመራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የደም ነው። ይህ ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ነው። ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ይህ ምልክት በደም ውስጥ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። የሙዝ ነጋዴው ሁለተኛ ውጤት ያላስደነቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ድኖም ቢሆን ደሙ “አለ” ማለቱን አይተውም።

ሁለተኛው የሰገራ ምርመራ ነው። ይህኛው የባክቴሪያውን የራሱን አካል ስለሚፈልግ አሁን መኖር አለመኖሩን ይናገራል።

ሦስተኛው የትንፋሽ ምርመራ ነው። አሠራሩ ለጋሞ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ማሳ ላይ የተበተነ ዩሪያ ማዳበሪያ በአፈር ባክቴሪያዎች ተሰባብሮ አሞኒያ ይሆናል፤ ሽታውም ይታወቃል። ኤች ፓይሎሪም ከጨጓራ አሲድ ራሱን የሚከላከለው ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ በማውጣት ነው። ተመርማሪው የሚጠጣው በልዩ ካርቦን ምልክት የተደረገበት፣ ለመድኃኒትነት የተዘጋጀ ጥቂት ዩሪያ ነው (ማዳበሪያው የሚጠጣ እንዳልሆነ ሳይነገር አይታለፍም)። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያው ይሰበራል፤ ምልክት ያለው ካርቦንም በደም አልፎ በትንፋሽ ይወጣል። ባክቴሪያው ከሌለ ዩሪያው ሳይሰበር ያልፋል። ዘዴው በካርቦን 13 እንደሚሠራ በ1987 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ከወጣ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። ካርቦን 13 ጨረር የለውም። በካርቦን 14 የሚሠራው ግን ጥቂት ጨረር ስላለው ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

በአንድ ስም ሁለት ዕቃ

ገዢ የሚታለልበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። በአውሮጳና በአሜሪካ “የቤት ውስጥ የትንፋሽ ምርመራ” ተብለው በፖስታ የሚላኩ ዕቃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከላይ የተነገረው የዩሪያ ምርመራ ሲሆን የሚፈልገው ኤች ፓይሎሪን ነው። ሌላኛው የሃይድሮጅንና የሚቴን ጋዝ የሚለካ ሲሆን፣ የሚፈልገው በትንሹ አንጀት ውስጥ ከመጠን በላይ የተራቡ ባክቴሪያዎችን ነው። ሆዱ ለሚነፋ፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት ለሚያስቸግረው ሰው የሚታዘዘው ይህ ሁለተኛው ነው። ስለ ኤች ፓይሎሪ ምንም አይናገርም። የእህት ልጅ በደግነት የላከችው ሳጥን ሁለተኛው ከሆነ፣ ጋሼ ለማይጠይቁት ጥያቄ መልስ ገዝተዋል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሳጥኑ ምርመራውን አይሠራም፤ ትንፋሽ መያዣ ብቻ ነው። የታተመው ቱቦ ወይም ከረጢት መሣሪያው ወዳለበት ላቦራቶሪ መመለስ አለበት። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ባሕር ማዶ አለ። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ዕቃው የሚመረምረው የትኛውን ባክቴሪያ ነው? ላቦራቶሪው ከኢትዮጵያ የሚላክ ናሙና ይቀበላል? ናሙናው በስንት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት? ከሦስቱ ለአንዱ መልስ ከሌለ ግዢው ባዶ ቱቦ ነው።

ዝግጅቱ ዋጋ የለውም፣ ግን ሁሉን ይወስናል

ለዩሪያ ትንፋሽ ምርመራ የሚቀርብ ሰው ለአራት ሳምንት ማንኛውንም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያልወሰደ መሆን አለበት። ለጉሮሮ የተወሰደ አሞክሲሲሊንም ይቆጠራል። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ለሁለት ሳምንት ይቆማሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ስለሚያዳክሙት ምርመራው ሊያጣው ይችላል። ሕመምተኛው “የለብዎትም” ተብሎ ከነባክቴሪያው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በምርመራው ዋዜማ ከእራት በኋላ ምንም ሳይበሉ ማደር ይበቃል።

ለሰገራ ምርመራም ስለ መድኃኒቱ የሚጠየቀው ዝግጅት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ግን ጠዋት ኦሜፕራዞሉን ውጦ ከሰዓት በኋላ ናሙና ይሰጣል። ለዚያ ምርመራ የተከፈለው ገንዘብ እንደ ባከነ ይቆጠራል።

ከሕክምና በኋላ መዳንን ለማረጋገጥ ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው። መስከረም 1 ቀን የ14 ቀን ሕክምና የጀመረ ሰው መስከረም 14 ቀን ይጨርሳል። ለጋሞ ደጋ ትልቁ በዓል መስቀል በ17 ይደርሳል። ከቁርጡና ከዳጣው በኋላ ቃር ቢነሣና ሐኪሙ ቢፈቅድ ኦሜፕራዞል እስከ መስከረም 28 ሊወሰድ ይችላል። ከመስከረም 29 ጀምሮ ግን ይቆማል። ጥቅምት 13 ቀን ምርመራው ይደረጋል። ከዚያ በፊት የተደረገ ምርመራ ውጤቱ አያስተማምንም።

መድኃኒትን ማቆም ለሁሉም አይሆንም። ቁስለቱ ደም ፈስሶት የሚያውቅ ወይም በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ምግብ ሲዋጥ መታነቅ የታየበት ሰውም ሳጥን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ቦታው ሆስፒታል ነው።

በምርመራው ጠዋት

የዩሪያው ምርመራ አጭር ነው። ተመርማሪው በባዶ ሆዱ አንድ ጊዜ ትንፋሹን ወደ መያዣው ያስገባል። መድኃኒቱን ይጠጣል። እንደ ዕቃው ዓይነት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አይበላም፣ አያጨስም። ሁለተኛውን ትንፋሽ ይሰጥና ያበቃል። ላቦራቶሪው የሁለቱን ልዩነት ያነባል። “በፊት” እና “በኋላ” የሚሉት ምልክቶች ከተለዋወጡ ግን ልዩነቱ ትርጉም ያጣል።

የሃይድሮጅኑ ምርመራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአራት ሳምንቱ የፀረ ባክቴሪያ ክልከላ በተጨማሪ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሐኪሙ ከፈቀደ ለሳምንት ያህል ይቆማል። በዋዜማው የሚበላው ነጭ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ነው። ዓሣ ከጫሞ ሐይቅ አይጠፋም። ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ አንጀት ውስጥ ገብተው ጋዝ ስለሚያወጡ ይቀራሉ። የሙዝ ነጋዴው ለአንድ ቀን ከራሱ ሸቀጥ መታቀብ አለበት። ቆጮ በውጭ አገር ዝርዝር ስሙ ባይኖርም ለዚያች ቀን ቢቀር ይሻላል። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ዋዜማው የፍስክ ቀን እንዲሆንለት አስልቶ ቀጠሮ ቢይዝ ይቀለዋል። ከዚያ 12 ሰዓት ያህል ከምግብ መቆየት ነው፤ ውኃ ይፈቀዳል።

ጠዋት ጥርስ ይቦረሻል፤ የመጀመሪያው ትንፋሽ ይያዛል፤ ላክቱሎስ ወይም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ከዚያ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው፣ እንደ ዕቃው ዓይነት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ፣ እያንዳንዱ ቱቦ ሰዓቱ እየተጻፈበት ይሞላል። መተኛት፣ መሮጥና ማጨስ ክልክል ነው። የስኳር ሕመምተኛ ግሉኮስ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ያማክራል። በ2017 የወጣው የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ስምምነት እንደሚለው፣ ሃይድሮጅን በ90 ደቂቃ ውስጥ ከመነሻው በአንድ ሚሊዮን 20 እጅ ከጨመረ፣ ወይም ሚቴን በማንኛውም ጊዜ 10 እጅ ከደረሰ፣ ምርመራው “አለ” ይባላል።

ሂሳቡ

በብዛት የሚታዘዘው የኤች ፓይሎሪ ሕክምና ለ14 ቀን ሲሆን 56 ፍሬ ባለ 500 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን፣ 28 ፍሬ ክላሪትሮማይሲንና 28 ፍሬ ኦሜፕራዞል ይይዛል። በድምሩ 112 ፍሬ ነው። በደም ውጤት ብቻ ተነሥቶ ያለ አግባብ ለሁለተኛ ጊዜ የታከመ ሰው 112 ፍሬ ትርፍ ገዝቶ ውጧል። ጉዳቱ በኪሱ ብቻ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የተላመደ ኤች ፓይሎሪን አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች መካከል መዝግቦት ነበር። ያለ አግባብ የተዋጠ ፍሬ ሁሉ መላመዱን ያፋጥናል። ነገ ለእውነተኛው ሕመምተኛ፣ ምናልባትም ለነጋዴው ልጅ፣ መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል።

እንግዲህ ለእህት ልጅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ሂሳብ ይወጣል። የትንፋሽ ምርመራ ጥሩ ምርመራ ነው፤ መሣሪያው በቅርብ ካለና ዋጋው ከተመቸ የሚያስመሰግን ግዢ ነው። ሳጥን ባሕር አሻግሮ ማስመጣትና ትንፋሽን መልሶ ባሕር ማሻገር ግን፣ በትክክለኛው ቀን የተደረገ የሰገራ ምርመራ ከሚሰጠው መልስ ብዙ የተለየ አያስገኝም። ነጋዴው ክሊኒክ ሲገባ “ምርመራው የደም ነው ወይስ የሰገራ?” ብሎ ይጠይቅ። መድኃኒቱን ያቆመበትን ቀን ጽፎ ይያዝ። ሙዝ ሳይበስል እንደማይበላ የሚያውቅ ሰው፣ ጊዜው ሳይደርስ ለሚደረግ ምርመራ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።