የሁለት ቀን ደመወዝ የት ገባ?

«አንድ ሠራተኛ በቀን ይህን ያህል ይከፈለዋል፤ ይህን ያህል ይቆረጥበታል፤ በመጨረሻ ይህን ያህል ተቀበለ። ስንት ቀን ሠራ?» ልጅ እንዲህ ያለውን የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ብዙዎቻችን «አባትህን ጠይቅ» እንላለን። አባትም ወደ ታላቅ እህቱ ይመራዋል። እኔ የዚህን ጥያቄ ክብደት ያየሁት ፍላቂት ነው።

ፍላቂት ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመቄት ከተማ ናት፤ ደጋ ናት፣ ብርዷ አጥንት ይገባል። የገብሱ ማሳ ለሁሉም ስለማይበቃ ጎረምሶቹ ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ያረፍኩበት ቤት የበኩር ልጅ ከመተማ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ቤቱ ተኮራርፏል።

ልጁ 24 ቀን ሠርቻለሁ ይላል። ውሉ በቀን 200 ብር ነው፤ ለምግብ በቀን 30 ብር ይቆረጣል፤ ሲሄድ ደግሞ 400 ብር ቅድሚያ ወስዷል። በመጨረሻ እጁ የገባው 3340 ብር ብቻ ነው። አባትየው በጣቱ ቢቆጥር ቢቆጥር ይጎድልበታል። ካቦው ደግሞ የሩቅ ሰው አልነበረም፤ የቤቱ አበልጅ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሊላክበት ተቆርጧል።

«አባዬ፣ ቆይ እስቲ እኔ ልሞክረው» አለች የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጅ። ያልታወቀው ገንዘቡ ሳይሆን ካቦው የቆጠረው ቀን ነው ብላ ተነሣች፤ ስሙንም «ቀ» አለችው። መጽሐፉ ኤክስ ይላል፤ ቀን ስለሆነ ግን ቀ ይሻላል፣ እኔም እስማማለሁ። በአንድ ቀን 200 ይገባል፣ 30 ይወጣል፣ 170 ይተርፋል። ስለዚህ፦

170ቀ − 400 = 3340

ቅድሚያ የተወሰደውን 400 በሁለቱም በኩል መለሰችው፦ 170ቀ = 3740። ለ170 ስታካፍለው ቀ = 22 ሆነ። መልሳም አረጋገጠች፤ 22 ጊዜ 170፣ 3740፤ ከዚያ ላይ 400 ሲነሣ 3340።

ጥግ ላይ የተቀመጡት አያቷ መሪጌታ ናቸው። «ይሄማ የባሕረ ሐሳብ ነገር ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው። የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12 ነው ከተባለ፣ መጥቅዑን 18 ለማለት ከ12 እስከ 30 ስንት እንደጎደለ ማየት ይበቃል። ያልታወቀውን በታወቀው መፈለግ ለቤተ ክህነት ሰው አዲስ አይደለም።

አባት ግን «እንግዲህ ሁለት ቀን በልቷል!» ብሎ ተነሣ። ልጅቷ ወንድሟን «ማሳ ያልገባህበት ቀን የለም?» አለችው። እሑዶቹን ራሱም አልቆጠረም። ቆየና ለሚካኤልና ለመድኃኔዓለም ማንም እንዳልወጣ ትዝ አለው፤ እሱ ሰፈሩ ውስጥ ስለነበረ ቆጥሯቸዋል። ያን ሁለት ቀን የበላበትም ቢቆረጥ ኖሮ 60 ብር ተቀንሶ 3280 ብር ይደርሰው ነበር። አበልጁ የበዓሉን ምግብ አላስከፈለም ማለት ነው። አባት ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሽማግሌውም ሳይላክ ቀረ።

ካቦ ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። የተቀበለው 3300 ቢሆን ኖሮ 170ቀ = 3700 ይሆንና ቀ 21 ከምናምን ይወጣል። ቀን ደግሞ አይሸራረፍም። 22 እንዲሞላ 40 ብር ይጎድላል፤ ያኔ «ይህቺ 40 ብር ለምን ተቆረጠች?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሙሉ ቁጥር አለመውጣቱ ራሱ ፍንጭ ነው።

አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው፤ «አል-ጀብር» መመለስ፣ መጠገን ማለት ነው። ልጅቷ 400ውን የመለሰችው መሆኑ ነው። እሱም የደመወዝ ጥያቄ አለው፦ በወር 10 ድርሃም የሚከፈለው ሠራተኛ ለ6 ቀን ስንት ይገባዋል? መልሱ 2 ነው፤ ወሩ እንደኛው 30 ቀን ተቆጥሮ። (ጳጉሜን ያለ ደመወዝ የምናሳልፍ ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን።)

ልጆቻችሁ ከተማ ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ የትርፍ ሰዓቱን ሒሳብ አብራችሁ ሞክሩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5። አንዲት ሠራተኛ 48 መደበኛና 6 የቀን ትርፍ ሰዓት ሠርታ፣ ከቁራጭ በፊት 1710 ብር ቢታሰብላት፣ የሰዓት ክፍያዋን «ሰ» እንበለው። 48ሰ + 9ሰ = 1710፤ 57ሰ = 1710፤ ሰ = 30 ብር። ውሏ ላይ 35 ተጽፎ ከሆነ ወረቀቱን ይዛ መሄድ ነው።

ለአያቶች ደግሞ ይህችን ልተው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። አንድ ቤት በወር 180 ብር ከተቀበለ ስንት ሰው ተመዝግቧል? የልጅ ልጃችሁ በደብተር፣ እናንተ በቃል ሥሩትና ማን እንደሚቀድም እዩ።